የአባቴን መላጫ በባትሪ አሲድ ልንከረው?

ዛሬ ወደ ጓዳ ዕቃ እንመለሳለን። «የጢም መላጫ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ። ከባህር ዳር የደረሰኝ ደብዳቤ የሚያወራው ስለ አንድ አሮጌ መላጫ ነው፤ ውስጡ ግን አባት አለ፣ እናት አለች፣ ሠርግ አለ፣ አንድ ፕላስቲክ ሙሉ አሲድም አለ። ስምና ሰፈር ቀንሼ እነሆ አቀረብኩላችሁ።

«ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባህር ዳር ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ትቶልን ያለፈው ንብረት ብዙ አይደለም፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ከሁሉ የምወደው፣ የጢም መላጫው ነው። በሁለት በኩል ስለት ያለው ምላጭ የሚገባበት፣ እጀታው ሲጠመዘዝ በሦስት የሚፈታ፣ የድሮ የእንግሊዝ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ማንጎው ግንድ ላይ ሰቅሎ፣ በሳፋ ውሃ አቅርቦ ሲላጭ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ችግሩ መላጫው አርጅቷል። ነጩ ቅብ እጀታው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አልቆ ቢጫ ሆኗል። ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ ጥርሶቹ አካባቢ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሠርጌ ነው፤ በዚያን ቀን ጠዋት በሌላ በምንም ሳይሆን በአባቴ መላጫ መላጨት እፈልጋለሁ። ጋራዥ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ፣ ‹የባትሪ አሲድ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር፤ ቅቡ ሙልጭ ብሎ ይወርድና እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ይወጣልሃል› አለኝ። አሲዱንም በሃይላንድ ፕላስቲክ አምጥቶ አልጋ ሥር አስቀምጦልኛል። የምንኖረው እናቴ፣ እህቴ፣ የእህቴ የ3 ዓመት ልጅና እኔ ሆነን በሁለት ክፍል ቤት ነው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ‹የአባትህን እጅ ልትፍቀው ነው?› ብላ ተቆጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ነስታኛለች። ወንድሜ ደግሞ ‹ፈሪ ነህ› እያለ ይስቅብኛል። እባክዎ ምን ይመክሩኛል? ግራ የገባኝ ሙሽራ ነኝ።»

ወንድሜ ሙሽራው፣ ስለ መላጫው ብዙ የምንነጋገረው አለ። እሱ ግን ሁለት ወር ይጠብቃል። የማይጠብቅ ሌላ ነገር አለ።

መጀመሪያ ያ ሃይላንድ!

ይህን ጋዜጣ አስቀምጥና ተነስ። አልጋ ሥር ያለውን ፕላስቲክ አውጣ። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ንጹሕ አሲድ፣ የቀረው ውሃ ነው። መልኩም እንደ ውሃ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ስታይ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ ነው፣ ይጠጣል። አንድ ጉንጭ ጉሮሮዋን አቃጥሎ ዕድሜ ልክ የማይድን ጠባሳ ሊተውባት፣ ከባሰም ሊገድላት ይችላል። ሕፃኗ ብቻ አይደለችም፤ በሌሊት ውሃ ጠምቶት በጨለማ የሚዳብስ አዋቂም አለ።

ስለዚህ ፕላስቲኩን ክዳኑን አጥብቀህ፣ ከላዩ «አሲድ፣ መርዝ» ብለህ ጽፈህ፣ ዛሬውኑ ለወንድምህ መልስለት። ጋራዥ ውስጥ ቦታ አለው፤ ለባትሪ የተሠራ ነውና ባትሪ ውስጥ ይግባ። ሽንት ቤት አትድፋው፣ ቱቦ ውስጥ አትጨምረው። አደራህን ደግሞ «ላምክነው» ብለህ በረኪና አታፍስበት! በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር በተባለ ግንባር በጠላት ወታደሮች ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አንተው አስበው።

ከነዚህ ቀናት በአንዱ አሲዱ ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ፈንጥቆ ከሆነ ደግሞ ቅቤ የለም፣ ኮልጌት የለም፣ ሊጥ የለም። የነካውን ልብስ አውልቆ፣ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የጠጣ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አይገደድም፤ የወረደው እንደገና ሲወጣ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋልና። አፉን አጉመጥምጦ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል። እናንተ ዘንድ ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮንም አለ። ሲሄዱ ፕላስቲኩን ይዞ መሄድ አይረሳ፤ ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ማየት አለበት።

መልሰህ ከመጣህ አሁን ተረጋግተን እንጨዋወት።

መላጫህ ከምን ተሠራ?

ይህን ዓይነት መላጫ ለዓለም ያስተዋወቀው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1901 ቦስተን ውስጥ አቋቋመ፤ በ1903 ለገበያ ሲያወጣ በዓመቱ የሸጠው 51 መላጫ ብቻ ነበር ይባላል። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ግን መንግሥት ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቆጠር መላጫ ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም ሁሉ ለመደው። እንግሊዝ አገር የተሠራው የአባትህ ዓይነትም የዚያ ዘር ነው።

ጥሩዎቹ የድሮ መላጫዎች ውስጣቸው ናስ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ውሃ አያዝገውም፤ ሲቆይ ግን ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ያበቅላል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ከላዩ ኒኬል የሚለብጠው። ከኒኬል ሌላ በብር ወይም በወርቅ የተለበጡም አሉ። ልባጩ ከፀጉር የሳሳ ነው። እንግዲህ አባትህ በአውራ ጣቱ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢያሸው ቢያልቅ ምን ይገርማል?

ነገር ግን አሮጌ መላጫ ሁሉ ናስ አይደለም። ውስጡ የዚንክ ቅልቅል የሆነ አለ፣ አልሙኒየም የሆነ አለ፣ ብረት የሆነም አለ። ይህን ሳይለዩ ምንም ነገር ውስጥ መንከር ዓይን ጨፍኖ መንገድ መሻገር ነው። መለያው እነሆ፦

ማግኔት አስጠጋበት። የተበላሸ ራዲዮ ካለ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ማግኔት አታጣም። ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፤ ቅቡ ከተነሳ ይዝጋል። የማይስበው ወይም እምብዛም የማይስበው ከሆነ ወደ ሚቀጥለው እለፍ።

የተገፈፈውን ቦታ በፀሐይ ብርሃን እየው። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ግራጫ ከሆነ ዚንክ ወይም አልሙኒየም ነው። ከግራጫዎቹ በእጅ ሲመዘን እንደ ላባ የሚቀለው አልሙኒየም ነው። ለግራጫዎቹ አሲድ ማለት ሞት ነው፤ ዚንክ አሲድ ውስጥ እየፈላ፣ አረፋ እያወጣ ያልቃል። ማታ መላጫ ነክረህ ጠዋት የምታገኘው የተቦረቦረ ጉድ ነው።

አንተ «ከሥሩ ቢጫ» ብለሃልና የአባትህ ናስ ይመስላል። ደስ ይበልህ፤ ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው።

አሲዱ ውስጥ ቢያድርስ?

ወንድምህ ያለው እውነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ኒኬል በቀዘቀዘና በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ቶሎ የሚበገር አይደለም። አንድ ሌሊት ቢያድር ደህናው ቅብ አብዛኛው እዚያው ይኖራል። አሲዱ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ በተነሳው ቅርፊት ሥር ሾልኮ ይገባና ናሱን ይበላል። ከናሱ ውስጥ ዚንኩን አስቀድሞ ይወስድና መዳቡን ይተወዋል። ውጤቱ እንደ ወርቅ ቢጫ ሳይሆን እዚህ ነጭ፣ እዚያ ቀይ፣ ወዲያ ጥቁር የሆነ፣ ሻካራ ዝንጉርጉር ነገር ነው። ሻካራ ብረት ደግሞ ለሙሽራ ጉንጭ አይመከርም።

ከአሲዱ ጋር የባትሪ ቻርጀር አገናኝተው በኤሌክትሪክ የሚገፉ አሉ። እውነት ነው፣ ኤሌክትሪክ ኒኬልን ይገፋል። ኒኬሉ አልቆ ናሱ ብቅ ሲል ግን አላቆምም ብሎ ናሱንም ይበላል። ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣል፤ አጠገቡ ከሰል ምድጃ ወይም ሲጋራ ካለ የሚፈነዳ ነው። ናይትሪክ አሲድ የሚሉትማ ከናስ ጋር ሲገናኝ ቀይ ቡናማ ጭስ ያወጣል፤ የተነፈሰው ሰው ለጊዜው ደህና መስሎት ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ሥራዬ ብለው ቅብ የሚያነሱ ባለሙያዎች ጭስ በሚስብ መሣሪያ ሥር፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ናሱን የማይነካ ውህድ መርጠው ነው የሚሠሩት። ይህ ሁሉ አልጋ ሥር የለም።

ወንድምህ ክፉ አስቦ አይደለም። ጋራዥ የዋለ ሰው አሲድ እንደ ውሃ ይለምድበታል። ስትመልስለት በክፉ ቃል አይሁን።

እናትህ ያለችውን ሰምተሃታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናትህ «የአባትህን እጅ ልትፍቀው ነው?» ስትልህ የእናት ወግ አጥባቂነት መስሎህ አለፍካት። እኔ ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ ግን ከሁላችሁም ነገሩን አጥርታ ያየችው እሷ መሰለችኝ። እጀታው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አልቆ ቢጫ ሆኗል ያልከው አንተ ነህ። ያ የማን አውራ ጣት ነው? እናትህ ያን ቢጫ ቦታ ስታይ የምታየው ያረጀ ቅብ አይደለም። ማንጎው ሥር ቆሞ የሚላጨውን ባሏን ነው።

እናንተ ዘንድ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ጀልባ ይዘህ ወደ ዘጌ ተሻገርና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ያሉትን የቆዩ መስቀሎችና ዘውዶች እይ። የቆየ የእጅ መስቀል ጠርዙ በመሳለም ብዛት ይለሰልሳል፤ ቅርጹ ይደበዝዛል። «አርጅቷልና በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን እናድሰው» የሚል ካህን አይቼ አላውቅም። ያለቀበት ቦታ ራሱ ታሪኩ ነው። አንዴ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። አዲስ ኒኬል ማስነከር ይቻል ይሆናል፤ የአባትህን አውራ ጣት ግን ማንም አያስነክርልህም።

እንዲህ ስል «እንግዲያው መላጫውን አትንካው» ማለቴ አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ የተነሳው ቅርፊት ሌላ ጉዳይ ነው። የተነሳ ኒኬል ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ቆዳ ይቧጭራል፣ ከሥሩም ሳሙናና እድፍ ያከማቻል። እሱ መነሳት አለበት። እጀታው ግን ማንንም አይጎዳም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ጭንቅላቱን አስተካክል፣ እጀታውን ተወው።

እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፣ እጠበው። መላጫውን በሦስቱ ፈትተህ ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው። ከዚያ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ጥርስ ለጥርስ እሸው። ብዙ ሰው «ቅቡ ተበላሸ» የሚለው የዓመታት የሳሙና ቅሪት ሆኖ ይገኛል። ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር ከቀረ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅለህ በጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ያዝበትና በደንብ አለቅልቀው። ይህ ናስ ለሆነው ነው፤ ግራጫዎቹን ኮምጣጤም ይበላቸዋል።

ሁለተኛ፣ እናትህን ጥራት። አጠገብህ ትቀመጥ። የትኛው እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ አብራችሁ ለዩ። እጀታውን ለእሷ ስጣትና በእጇ ትያዘው። ይህን የጻፍኩት ለወግ አይደለም፤ ፊት የነሳችህ ሳትጠየቅ ስለቀረች ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ የተነሳውን ብቻ አንሳ። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ገፋ ገፋ ስታደርገው የሚለቅ ቅርፊት ይለቃል። በቢላ አትፋቀው። በጣትህም አትንቀለው፤ ጥፍርህ ሥር ይገባል።

አራተኛ፣ ጠርዙን በውሃ አለስልሰው። ውሃ የሚችለውን ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከጀርባው 600 የሚል የተጻፈበትን ግዛ፤ ለማጨረሻም 1000 ወይም 2000። ወረቀቱንም ብረቱንም እያረጠብክ ቀስ ብለህ እሽ። በደረቁ እንዳትሞክር! የኒኬል ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ አደገኛ ነው፤ በሥራቸው ለዓመታት የተነፈሱት ሰዎች ላይ የሳንባና የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። እርጥብ ከሆነ አይበንም። የታጠበበትን ዝቃጭ በወረቀት ጠርገህ፣ ወረቀቱን በፌስታል ቋጥረህ ቆሻሻ ውስጥ ጣል። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ትጫወት።

አምስተኛ፣ የማይነኩ ቦታዎች አሉ። ምላጩ የሚተኛበትን የውስጥ ገጽ፣ ምላጩን ከላይ የሚጫነውን ክዳን የውስጥ ጠርዝ፣ የጥርሶቹንም ጫፍ አትፋቅ። መላጫ የሚላጨው ምላጩ በልክ ስለሚጎብጥ ነው። አንዱ ጎን ከሌላው በትንሹ ከዝቅታ ካነሰ ምላጩ ይዘምና ሙሽራው በሠርጉ ጠዋት ፊቱን ፕላስተር ለጥፎ ይወጣል። የፋብሪካው ጽሑፍ የታተመበትንም ቦታ ተወው።

ስድስተኛ፣ አጥበህ አድርቀው፤ ማሰሪያው ጥርስ ላይ ጥቂት ቫዝሊን ቀባው። ናሱ የተገለጠበት ቦታ በሳምንታት ውስጥ ቡናማ ይሆናል፤ አትደንግጥ፣ ናስ ጠባዩ ነው። አረንጓዴ ካየህበት በሎሚና በጥቂት ጨው በፍጥነት አሸት አድርገህ ወዲያው እጠብ። ከተላጨህ በኋላ እርጥቡን ጥለኸው ካልሄድክ አረንጓዴው አይመጣም።

ይህ ሁሉ ይከብደኛል ካልክ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ውሰደው። ብርና ናስ ማለስለስ የዕለት እንጀራቸው ነው። «ጭንቅላቱን ብቻ፣ ውስጡን ሳትነካ» ብለህ አስጠንቅቀው፤ እጀታውን ቤት ትተህ ብትሄድ ደግሞ ይሻላል። ከሁሉ የቀለለ መንገድም አለ፤ የሌላ ተመሳሳይ መላጫ ደህና ጭንቅላት አግኝተህ ማሰሪያው ሳታስገድደው ከገባ፣ በአባትህ እጀታ ላይ አስረህ ትላጫለህ። የድሮው ጭንቅላት ሳጥን ውስጥ ያርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምላጩ አዲስ ይሁን። አባትህ የተወው ምላጭ ካለበት አውጥተህ በወፍራም ወረቀት ጠቅልለህ ጣለው። እጀታ ይወረሳል፣ ምላጭ አይወረስም። ሚዜዎችህም «እስቲ እኔም ልሞክር» ካሉህ ምላጩን እየቀየርክ ይሁን፤ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በዝምድና አይመለሱም። ከዚያ በፊት መላጫውን በአልኮል ጥረገው። በረኪና ግን ናሱንም ቅቡንም ያበላሻል።

ቱቦው ወዴት ነው የሚሄደው?

«አሲዱን ቱቦ ውስጥ አትጨምረው» ያልኩህ ለቱቦው አዝኜ አይደለም። ባህር ዳር ላይ የጎርፍ ቱቦ መጨረሻው ጣና ነው፣ ወይም አባይ። ቅብ የተገፈፈበት አሲድ ከአሲዱ ሌላ ኒኬልና መዳብ ይዟል። መዳብ ለዓሣ በጣም በትንሹም መርዝ ነው። አመድ ወይም ሶዳ ጨምረህ የአሲዱን ኃይል ብትገድለው እንኳ ብረቱ አይሞትም፤ ዝቃጭ ሆኖ እዚያው አለ።

«የአንድ መላጫ አሲድ ጣናን ይመርዛል እንዴ?» ትለኝ ይሆናል። አይመርዝም። ግን አንተ ብቻ አይደለህም። የጋራዡ አለ፣ የባትሪ አዳሹ አለ፣ የመኪና እጥበቱ አለ። ጣና ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ወደ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ስፋቱን አይተን ጥልቅ ይመስለናል እንጂ እንደ ሰፊ ሳፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። እምቦጭ ያደረሰበትን መከራ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሠርግህ ቀን ሰው የሚበላው ቀረሶ ከዚያ ነው የሚወጣው፤ በላዩ ላይ አንድ ሃይላንድ አንጨምርበት።

ለአጫጭር ጥያቄዎች አጫጭር መልሶች

ሌሎችም በዚሁ ጉዳይ ጽፈውልኛል፤ ቦታው እስከፈቀደ ልመልስ።

አንዲት እህት ከዘጌ፦ «የባለቤቴን አሮጌ መላጫ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ አሳደርኩት። አረፋ ሲያወጣ አደረና ጠዋት ጠቁሮ ተቦርቡሮ አገኘሁት። እስካሁን አልነገርኩትም።» እህቴ፣ ከውስጡ ዚንክ ወይም አልሙኒየም ነበር። የተበላ ብረት አይመለስም። በደንብ አጥበሽ አድርቂውና እንደ ማስታወሻ ይቀመጥ፤ ፊት ላይ ግን አይውል። ንገሪው። ከሰው ከሚሰማ ካንቺ ቢሰማ ይሻላል።

አንድ ወንድም ከጎንደር፦ «የእኔ መላጫ ክሮም ነው። በጨው ውሃና በቻርጀር ማንሳት ይቻላል ብለውኝ ጀምሬ ነበር፤ ውሃው ወደ ቢጫ ሄደ፣ በረኪና በረኪና ይሸታል።» አሁኑኑ ከሶኬት ንቀለውና በሩን ክፈት። የሸተተህ ክሎሪን ነው፤ ከጨዉ ነው የሚወጣው። ክሮም በኤሌክትሪክ ሲገፋ ደግሞ ካንሰር የሚያመጣው ዓይነት ክሮሚየም ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ መልክ አንዱ ምልክቱ ነው። ውሃውን በእጅህ አትንካ፣ አትድፋው፤ በሚዘጋ ዕቃ ገልብጠህ፣ ጽፈህበት፣ ከሰው አርቀህ አስቀምጥና ኬሚካል የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቅ። ክሮም ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ካልተነሳ በቀር ምን አነካካህ?

አንድ አባወራ ከደብረ ታቦር፦ «በኒኬል መላጫ ስላጭ አንገቴ ሽፍ ይልብኛል። ቅቡን ባነሳው ይተወኛል?» ይችል ይሆናል። ኒኬል የማይስማማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ላይ ከሚውሉ ጌጣጌጦች የሚወጣውን ኒኬል የሚገድብ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1994 እስከማውጣት ደርሷል። ራስዎን ይመርምሩ፤ የሰዓትዎ ጀርባ ወይም የቀበቶዎ ዘለበት ያረፈበት ቦታ ያሳክክዎታል? ካሳከከዎ ኒኬል ሊሆን ይችላል። ካላሳከከዎ ግን ነገሩ የደነዘዘ ምላጭ ወይም ፀጉር ወደ ውስጥ መብቀል ይሆናል፤ ቅብ ማንሳት አያድነውም። ቆዳ ሐኪም ያማክሩ። ኒኬል ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ከመፋቅ ኒኬል የሌለው መላጫ መግዛት ይቀልላል።

አንዲት እናት ደግሞ ስለ መላጫም አይደለም የጻፉት፤ «የብር ሽኒዎቼ ጠቆሩ፣ ልጄ በአሲድ እናጥራው ይላል» ነው የሚሉት። እማማ፣ አይሆንም ይበሉት! በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃቸዋል። ብር ቅብ ከሆኑ ቅቡ ስስ ነው፤ ባሹት ቁጥር ያልቃል።

ወደ ሙሽራችን ልመለስና ላብቃ። ወንድሜ፣ በሠርግህ ጠዋት ያንን መላጫ ስትይዝ አውራ ጣትህ የአባትህ አውራ ጣት በበላው ቦታ ላይ ያርፋል። ልክ ይሆንልሃል፤ ለዚያ ነው ያለቀው። እናትህን ደግሞ መስታወቱን እንድትይዝልህ ጠይቃት። ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ።

እናንተም አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ጓዳ ውስጥ በውሃ ፕላስቲክ ያስቀመጣችሁት አሲድ፣ ላምባ ወይም በረኪና ካለ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ቦታውን ቀይሩ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ያሰማን።